ከባሕር ዳርቻ ይልቅ የደጋ ማረፊያን ስለ መምረጥ

ለዕረፍት ለመውጣት ላሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ባሕር ነው። ይሁን እንጂ በነቀምት ጨለለቂ ለሚኖር ቤተሰብ ባሕር እጅግ ሩቅ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ምጽዋ የሌላ አገር ወደብ ናት። ወደ ጅቡቲ ለመድረስም እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በእኛ ክረምት ወራት ደግሞ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የደጋ ማረፊያ ባሕርን ሊተካ ይችላል ወይ፣ የጎልፍ ሜዳስ ለወለጋ ይበጃል ወይ የሚለውን ነው።

የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ናይቫሻ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር አይርቅም። በዚያ አካባቢ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ያለው ማረፊያ ተሠርቷል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ስስም ስለሆነ የተመታችው ኳስ ርቃ ትሄዳለች። ነቀምትም በዚሁ ከፍታ ግድም ትገኛለችና በአየር ጠባይ በኩል የሚጎድላት የለም።

ችግሩ ያለው በመሬትና በውሃ በኩል ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ ይፈጃል፤ ይህም ከቀድሞው 1 ጋሻ ይበልጣል። በወለጋ ይህን ያህል ሰፊ መሬት ቡና፣ በቆሎ ወይም የከብት ግጦሽ ሳይኖርበት አይገኝም። የነቀምት ዝናም በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ቢጠጋም አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። እንግዳ በሚበዛበት በበጋ ሣሩ እንዳይደርቅ ውሃ ይሻል፤ ይህም ሰውና ከብት ከሚጠጣው ምንጭ ጋር መሻማት ይሆናል። ለሣሩ የሚሰጠው ማዳበሪያና ፀረ ተባይም በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይገባል።

እንግዲህ ዕረፍትን የሚሰጠው ጎልፉ ነው ወይስ ደጋው? ከአምቦ በስተደቡብ ያለችው ወንጪ መልሱን ታመለክተናለች። በዚያ የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው እንግዳውን በፈረስና በጀልባ ሐይቁን ያሳዩታል፤ ገንዘቡም በእጃቸው ይገባል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ነቀምትም የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትና የወለጋ ሙዚየም አሏት።

ከዚህ የምንደርስበት አሳብ፣ ደጋው ባሕርን ሊተካ ይችላል የሚል ነው። ነገር ግን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት፣ የማን ግጦሽ እንደሚታጠርና የማን ምንጭ እንደሚጎድል ባለ መሬቱ ገበሬ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።