ዕዳ ሰብሳቢውና ባለዕዳው፦ የሮማንያው ‹ኡምብሬ› ተከታታይ ድራማ ብርታትና ጉድለት

መግቢያ

የወንጀል ድራማ ለኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ተመልካች እንግዳ አይደለም። በ2000ዎቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው ‹ሰው ለሰው› ተከታታይ ድራማ፣ አበበ ባልቻ የተጫወቱትን አስናቀ የተባለ ባለሀብት ማዕከል አድርጎ፣ በክብር የተሸፈነ ወንጀልን ወደየቤቱ አስገብቷል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ‹ጥቁር ፍቅር› የተባለው የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቀርቦ፣ የአንድ የፖሊስ መኮንን ምርመራና ፍቅር ብዙ ተከታታይ አግኝቷል። ሁለቱ ሥራዎች የወንጀል ታሪክ ወደ እኛ የሚደርስባቸውን ሁለት መንገዶች ያመለክታሉ። አንደኛው ታሪኩን ከራስ ኅብረተሰብ አፍልቆ መጻፍ ነው። ሁለተኛው የተሠራውን እንዳለ ወስዶ ድምፁን መተካት ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። የአማርኛ ቴአትር ውርስ ትርጉም በሚል ስም ለረጅም ጊዜ ያውቀዋል፤ የታሪኩን አጽም ከውጭ ወርሶ፣ ሥጋውንና ደሙን ከአገር ሕይወት መውሰድ ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሞልየርን ኮሜዲ ‹የፌዝ ዶክተር› ብለው ለአማርኛ መድረክ ማቅረባቸው የሚታወስ ነው። በቴሌቪዥናችን ግን ይህ መንገድ ብዙም አልተሞከረም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በውርስ ትርጉም የተሠራውን የሮማንያ የወንጀል ድራማ ‹ኡምብሬ›ን ይመረምራል። ጥያቄው ድራማው ምን እንደተሳካለትና ምን እንደጎደለው፣ እንዲሁም ብርታቱና ጉድለቱ ታሪኩን አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይም ሰንጋ ተራ ላይ፣ ለሚያቆም ጸሐፊ ምን እንደሚያስተምሩ ነው።

የድራማው አመጣጥ

‹ኡምብሬ› በሮማንኛ ‹ጥላዎች› ማለት ነው። ድራማውን ያቀረበው የኤችቢኦ የሮማንያ ቅርንጫፍ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ መታየት ጀመረ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ በ2019 ወጣ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያዘጋጁት ቦግዳን ሚሪካና ኢጎር ኮቢሊያንስኪ ከሲኒማ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሚሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ‹ውሾች› በተሰኘው ፊልሙ በካን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ የፊልም ሐያሲያን ማኅበርን ሽልማት አግኝቷል።

የታሪኩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ የታየው ‹ስሞል ታይም ጋንግስተር› ነው። በአውስትራሊያው ድራማ ውስጥ ቶኒ ፒኮሎ ምንጣፍ አጣቢ መስሎ የሚኖር፣ በተግባር ግን በማስፈራራት ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ነው። በሮማንያው ድራማ ሸርባን ፓቭሉ የሚጫወተው ሬሉ ኦንቼስኩ የቡካሬስት ታክሲ ነጂ ነው። በቤቱ የቤተሰብ አባት ነው። ከቤቱ ውጭ ‹ካፒቴኑ› ለሚባልና ዶሩ አና ለሚጫወተው የወንጀል ቡድን አለቃ ዕዳ ይሰበስባል። ገንዘብ ሊያስከፍል በሄደበት አንድ ቀን ሳያስበው ሰው ይገድላል። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ሕይወቶቹን ድንበር መጠበቅ እየተሳነው ይሄዳል።

የድራማው ብርታት

የመጀመሪያው ብርታት ከምንጣፍ አጣቢነት ወደ ታክሲ ነጂነት በተደረገው ለውጥ ላይ ይታያል። ለውጡ ሲታይ ትንሽ ነው፤ የሚያስከትለው ግን ብዙ ነው። ታክሲ ነጂ በማናቸውም ሰዓት ከቤቱ ቢወጣ ማንም አይጠይቀውም። በየትኛውም ሰፈር ቢቆም አይጠረጠርም። ሀብታሙንም ድሃውንም ያሳፍራል፤ ያሳፈራቸው ሰዎች ግን ፊቱን እንኳ አያስታውሱም። ስለዚህ የሬሉ የሽፋን ሥራ መደበቂያ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ካሜራው ከተማዋን የሚያይበት መስኮትም ሆኗል። ተመልካቹ ወደ ዕዳ ማስከፈያው ቦታ የሚደርሰው በተራው የከተማ ሕይወት መካከል አልፎ ነው። አስተርጓሚዎቹ ‹በእኛ አገር ይህ ወንጀል በየትኛው የዕለት ሥራ ውስጥ ይደበቃል?› ብለው መጠየቃቸውን ምርጫቸው ያሳያል። የውርስ ትርጉም ዋናው ፈተናም ይኸው ጥያቄ ነው። ስምና ቋንቋ መለወጥ ቀላል ነው። ከባዱ ገጸ ባሕርይው እንጀራውን የሚያገኝበትን መንገድ ከአዲሱ ቦታ ጋር ማስማማት ነው።

ሁለተኛው ብርታት ወንጀሉን ከጀግንነት መለየቱ ነው። ታሪኩን የሚያስነሳው ሞት የታቀደ አይደለም፤ የገዳዩን ብልሃትም አያሳይም። በጉልበት የሚተዳደር ሰው ጉልበቱን መቆጣጠር ያቃተው ዕለት የደረሰ ነገር ነው። በዚህም ድራማው ወንጀለኛን ከማድነቅ ይርቃል። ሬሉ የታላቅ ሴራ መሪ አይደለም፤ አለቃ ያለው፣ ታዞ የሚሠራ ሰው ነው። ከአለቃው ትእዛዝ፣ ከቤቱ ወጪና ከራሱ ድካም መካከል ተይዟል። ተመልካቹ ሊያዝንለት ይችላል፤ ሊመኘው ግን አይችልም።

ሦስተኛው ብርታት የትወናውና የምልልሱ ቁጥብነት ነው። ፓቭሉ ሬሉን የሚጫወተው ብዙ በማይናገር፣ ቁጣውንም ፍርሃቱንም በሚውጥ ሰው አኳኋን ነው። አስፈሪው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በተራ ወሬ ድምፅ ነው። በዛቻ መካከል ስለ ቤት ጉዳይ ይወራል። ሳቅና ፍርሃት በአንድ ትዕይንት ሲገናኙ ተመልካቹ ሁለቱ ሕይወቶች ምን ያህል እንደተጠጋጉ ያለ ማብራሪያ ይገነዘባል።

የድራማው ጉድለት

ዋናው ጉድለት ከዋናው ብርታት ጋር አንድ ምንጭ አለው። ካሜራው ከዕዳ ሰብሳቢው ጋር በመኪናው ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ዓለሙን የሚያየው ከሰብሳቢው መቀመጫ ብቻ ነው። ባለዕዳው በሩ ሲንኳኳ ይታያል፤ ይለምናል፣ ይደበደባል ወይም ይከፍላል፤ ከዚያም ከታሪኩ ይወጣል። ለምን እንደተበደረ፣ በምን ውል እንደተበደረ፣ ከከፈለ በኋላ ቤቱ እንዴት እንዳደረ ድራማው እምብዛም አይከተልም። ውጤቱ የርኅራኄ መዛባት ነው። ለመታው ሰው ጭንቀት ሦስት ምዕራፍ ሲሰጥ፣ ለተመታው ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል።

ይህ ጉድለት የወንጀል ድራማ ሁሉ ዕጣ አለመሆኑን ለማየት የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን የታወቀ የመርማሪ ተውኔት ማስታወስ ይበቃል። መንግሥቱ ለማ ወደ አማርኛ መድረክ ያመጡት ይህ ሥራ፣ በአንዲት ድሃ ወጣት ሞት ምክንያት አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሲጠየቅ ያሳያል። ወጣቷ ራሷ መድረክ ላይ አትወጣም። ነገር ግን እያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ሲጠየቅ የሚገለጠው የእሷ ሕይወት ስለሆነ፣ ተውኔቱ ሲያልቅ ተመልካቹ ከሁሉም ይበልጥ የሚያውቀው እሷን ነው። ይህም ተጎጂውን በታሪክ ውስጥ ማኖር የትዕይንት ብዛት እንደማይጠይቅ ያስረዳል፤ የሚጠይቀው የአመለካከት አቅጣጫን ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የሕግ መራቅ ነው። በ‹ኡምብሬ› ሕግ የሚታየው በአብዛኛው እንደ አደጋ ነው፤ ሬሉ እንዳይያዝ የሚሸሸው ነገር ነው። የሮማንያ ሲኒማ ራሱ ግን ከዚህ የተለየ ምሳሌ አለው። የኮርኔልዩ ፖሩምቦዩ ‹ፖሊስ፣ ቅጽል› የተባለው የ2009 ፊልም፣ አንድን ተማሪ በሐሺሽ ጉዳይ ለማሰር ሕሊናው ያልፈቀደለትን ወጣት ፖሊስ ያሳያል። ፊልሙ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ አለቃው መዝገበ ቃላት አስመጥቶ ‹ሕሊና› እና ‹ሕግ› የሚሉት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ያስነብበዋል። እዚያ ሕግ ራሱ የክርክሩ ርእስ ነው። ‹ኡምብሬ› ይህን ያህል መሄድ አይጠበቅበት ይሆናል። ሆኖም የአራጣ ዓለም ከሕግ ጋር ያለውን ትስስር ሳይነካ በማለፉ፣ ወንጀሉ የጥቂት ክፉ ሰዎች ጠባይ ብቻ ይመስላል።

ሦስተኛው ጉድለት የርዝመት ነው። ሁለት ሕይወት የሚኖር ሰው ታሪክ የሚንቀሳቀሰው በመጋለጥ ስጋት ነው። ስጋቱ በአንድ ምዕራፍ ካልተፈጸመ፣ ለሚቀጥለው ምዕራፍ የበለጠ አደጋ መፈጠር አለበት። አደጋው በጨመረ መጠን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ታማኝ ያደረገው ተራ ሕይወት ይሳሳል። የቤተሰቡ አባላትም፣ የራሳቸው ፈቃድና ዕቅድ ካላቸው ሰዎች ይልቅ ሬሉ ሊያጣው የሚችለው ነገር ማሳያ የሚሆኑበት ጊዜ ይበዛል። ክፍል እየተጨመረላቸው የሚረዝሙትን የአገራችንን ተከታታይ ድራማዎች የተከተለ ተመልካች ይህን ችግር ሳይነገረው ያውቀዋል።

አራተኛው ከታሪኩ ውጭ ነው፤ የአሠራሩ መሠረት ነው። ድራማው የቀረበው ወርኃዊ ክፍያ ለሚከፍል ተመልካች ነው። ገንዘቡ የሚወሰነው ከአገሩ ውጭ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በመካከለኛው አውሮፓ የራሱን ድራማዎች ማሠራት ሲያቆም፣ በሮማንያም ይህ የሥራ ዘርፍ ዋና ደጋፊውን አጣ። ጥራት ያለው ሥራ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው የሚቀጥልበትን ምንጭ በእጅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በዚህ በኩል ‹ሰው ለሰው› የተሻለ ቦታ ነበረው፤ በአገር ገንዘብና በአገር ጣቢያ፣ ያለ ክፍያ፣ ለሁሉም ደርሷል።

ታሪኩ ሰንጋ ተራ ላይ ቢቆም

ከላይ የተባለው ለአዲስ አበባ ጸሐፊ ያለውን ትርጉም በአንድ የታወቀ ቦታ መፈተን ይቻላል። ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል። ዛሬ ግን የሚታወቀው በባንኮቹ ነው። የኅብረት፣ የንብና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በአካባቢው ይገኛሉ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንጻ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእነዚህ ጋር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና የ40/60 መኖሪያ ሕንጻዎች ይታያሉ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎቶችም በዚያው ክፍለ ከተማ ናቸው። ስለ ብድር ለሚጻፍ ድራማ አበዳሪው፣ ተበዳሪው፣ ሒሳብ አዋቂውና ዳኛው በአንድ አካባቢ ተሰብስበዋል።

ይሁን እንጂ የቡካሬስቱን ዕዳ ሰብሳቢ እንዳለ አምጥቶ ሰንጋ ተራ ላይ ማቆም ስሕተት ይሆናል፤ ዕዳ እዚህ የሚሰበሰብበት መንገድ የተለየ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይወስናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ አራጣ አበዳሪ ወለዱን በውል ላይ በግልጽ አይጽፍም። ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ እንደ ብድር ይጻፋል፤ ወይም ተበዳሪው ቼክ ፈርሞ በመያዣነት ይሰጣል። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ራሱ ወንጀል በመሆኑ፣ ቼኩን የያዘ አበዳሪ ዱላ አያስፈልገውም። ‹ክስ እመሠርታለሁ› ማለቱ ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት የድራማውን ቅርጽ ከሥሩ ይለውጠዋል። በቡካሬስት ዕዳ ሰብሳቢው ከሕግ ይሸሻል። በአዲስ አበባ ግን ሰብሳቢው ሕግን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሚሸሸው ተበዳሪው ነው። ፍርድ ቤቱ ከታሪኩ ጀርባ ሊቀር አይችልም፤ ቼኩ በእርግጥ ለምን እንደተሰጠ የሚመረመርበት ዋና መድረክ ይሆናል። በዚህ መንገድ የ‹ኡምብሬ› ሁለት ጉድለቶች፣ የባለዕዳው መጥፋትና የሕግ መራቅ፣ በአንድነት መፍትሔ ያገኛሉ። ባለዕዳው ለምን እንደፈረመ ለማስረዳት መናገር ይኖርበታል፤ ሕጉም የእሱን ቃልና የወረቀቱን ቃል ለመመዘን ይገደዳል። የሽፋን ሥራውም ከዚሁ ይመነጫል። የዚህ ታሪክ ሰው ታክሲ ነጂ ላይሆን ይችላል። ውል የሚጽፍ፣ ደላላ ሆኖ የሚያገናኝ ወይም ለነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠራ፣ በየሕንጻው ቢገባ የማይጠረጠር ሰው ይሆናል።

ማጠቃለያ

‹ኡምብሬ› የተሳካለት ወንጀልን በዕለት ሥራ ውስጥ በማስቀመጡ፣ ከጀግንነት በመለየቱና በቁጥብ ትወናው ነው። የጎደለው ባለዕዳውን በር ላይ ትቶ መሄዱ፣ ሕግን ማራቁና በርዝመት መላላቱ ነው። መኖሩም ከአገሩ ውጭ በሚወሰን ገንዘብ ላይ ተመሥርቷል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ጸሐፊዎች ሊወረስ የሚገባው ታሪኩ ሳይሆን አስተርጓሚዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ ወንጀሉ በዚህ ከተማ በማን እጅ፣ በየትኛው ሥራ ሽፋንና በምን መሣሪያ ይፈጸማል የሚለው። ጥያቄው ሰንጋ ተራ ላይ በትክክል ከተጠየቀ፣ መልሱ ታክሲና ጡጫ ሳይሆን ቼክና የክስ መዝገብ ሆኖ ይገኛል። በዚያ መዝገብ ላይ የተከሳሹም ስም ስለተጻፈ፣ ድራማው እሱን በር ላይ ትቶት ሊሄድ አይችልም።