አንድ አምቡላንስ፣ ብዙ ጎጥ፦ የአምቡላንስ አገልግሎትን በአስተዋይነት ስለመጠቀም



የዛሬው ገለጻዬ ኅብረተሰቡ የአምቡላንስ አገልግሎትን እንዴት በአስተዋይነት ሊጠቀምበት እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከቆጋና በጠቅላላው ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ አምቡላንስ በጊዜ መድረሱና አለመድረሱ በአብዛኛው የሚወሰነው መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ እኛ በየመንደራችን በምናደርገው ዝግጅት ነው።

ከየት ወዴት

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነበር። በዚያ ዘመን አምቡላንስ ሲባል ሐኪሙን፣ ድንኳኑን፣ መድኃኒቱንና መኪናውን በአንድነት የያዘ ተንቀሳቃሽ የሕክምና ጓድ ማለት ነበር፤ የስዊድን፣ የእንግሊዝና የሌሎችም አገሮች አምቡላንሶች በየጦር ግንባሩ ተሰማርተው ነበር። የገጠሩ ሕዝብ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን የራሱ አምቡላንስ ቃሬዛ ነበረች። በጎጃም ገጠር ታማሚን በቃሬዛ አንሥቶ፣ እየተፈራረቁ ተሸክሞ መንገድ ዳር ማድረስ የጎረቤት ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በተግባር ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ መንግሥት ለየወረዳው ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለማዳረስ ሰፊ ሥርጭት አካሄደ። ዋና ዓላማውም እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ማስቻል ነበር። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ሕያው ልደቶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻም በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5 በመቶ፣ በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡ የመኪናው ብቻ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋትና የትምህርት ድርሻ አለበት። ሆኖም ያለ መጓጓዣ የተቋሙ በር ለሩቁ ሰው ዝግ እንደሆነ ይቀራል።

ጊዜው ስንት ነው?

ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል። አንደኛው ሕክምና ለመፈለግ በመወሰን፣ ሁለተኛው ወደ ተቋም በመድረስ፣ ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት የሚፈጠር መዘግየት ነው። አምቡላንስ የሚያቃልለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በመጀመሪያው መዘግየት የባከነውን ሰዓት ምንም ዓይነት አሽከርካሪ ሊመልሰው አይችልም።

በእናቶች ጤና ትምህርት ዘወትር የሚጠቀሱትን አማካይ ግምቶች እንመልከት። ሕክምና ካልተገኘ፣ ችግሩ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ሞት ያለው ጊዜ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ 2 ሰዓት፣ ከወሊድ በፊት ለሚመጣ የደም መፍሰስ 12 ሰዓት፣ በደም ግፊት ሳቢያ ለሚመጣ መንቀጥቀጥ 2 ቀን፣ ለተደናቀፈ ምጥ 3 ቀን፣ ለኢንፌክሽን 6 ቀን ያህል ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው የተደናቀፈ ምጥን ይመለከታል። ሦስት ቀን ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» በማለት፣ ሁለተኛው ቀን ባለቤቷ ከገበያ እስኪመለስ በመጠበቅ ካለፈ፣ ለአምቡላንሱ የሚቀርለት የመጨረሻው ሰዓት ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የከበደ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው የቡሬ ቆላ የምትኖር እናት ቤቷ ወልዳ ደም ቢፈሳት፣ መኪናው አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት ቢመለስ ሁለቱ ሰዓት አልቋል። በክረምት፣ ጥቁር አፈሩ ጭቃ በሆነ ጊዜ፣ ይህም ላይበቃ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ከሁሉ የተሻለው የአምቡላንስ አጠቃቀም ጨርሶ እንዳያስፈልጋት ማድረግ ነው። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገብታ መጠበቅ ይኖርባታል። ይህ አሠራር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

መቼ እንጥራ?

በወረዳው ያለው አምቡላንስ አንድ ወይም ጥቂት ነው። አንዱን ጎጥ ሲመልስ ሌላው ጎጥ ይጠብቃል። የበለጸጉት አገሮች እንኳ ለሁሉም እኩል አይሮጡም፤ በእንግሊዝ አገር ጥሪዎች በምድብ ተከፍለው፣ ለሕይወት እጅግ አስጊ ለሆነው ምድብ የተቀመጠው አማካይ የመድረሻ ግብ 7 ደቂቃ ሲሆን፣ ለሦስተኛው ምድብ ግን እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። እኛ ዘንድ ይህን የመለየት ሥራ በከፊል የሚሠራው ደዋዩ ራሱ ነው።

ሳንዘገይ ልንጠራ የሚገባን ለሚከተሉት ነው፤ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ፣ ነፍሰ ጡር ስትንቀጠቀጥ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲያድርባት፣ ምጥ ሲጀምራት ወይም የእንሽርት ውኃ ሲፈስ። ለሌሎችም ሰው ራሱን ሲስት፣ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ደረቱን አጥብቆ ሲያመው፣ ድንገት ፊቱ ሲጣመም ወይም አንድ ጎኑ ሲሰንፍ፣ ከባድ አደጋ ወይም ቃጠሎ ሲደርስበት፣ እባብ ሲነድፈው፣ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ሲመረዝ። የመስኖ እርሻ በተስፋፋበት በቆጋ ዙሪያ ይህን የመጨረሻውን ሁላችሁም በልዩ ትኩረት ልትይዙት ይገባል።

በአንጻሩ፣ ለቀጠሮ የሚሄድ፣ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ያለበት፣ በእግሩ ቆሞ መሄድ የሚችል ታማሚ በባጃጅ ወይም በሕዝብ መኪና ሊሄድ ይችላል። ጠያቂ ዘመድን ማመላለስ፣ የግል ዕቃ መጫን፣ የሹም ጉዞ ማሳካት የአምቡላንስ ሥራ አይደለም። አስከሬን ወደ አገር ቤት የመመለስ ጥያቄ እጅግ አሳዛኝና ከባህላችን ጋር የተሳሰረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ለሞተው የሚደረገው ክብር በሕይወት ላለው በሚገባው ሰዓት መከፈል የለበትም። እድሮቻችን ለዚህ ሌላ መኪና የሚከራዩበትን ጥቂት ገንዘብ አስቀድመው ቢያስቀምጡ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል።

እንዴት እንጥራ?

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ነጻ የስልክ መስመር 907 ነው። በገጠር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጤና ጣቢያውና የወረዳው አምቡላንስ ስልክ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሊጻፍ ይገባል። የሚደውለው አንድ ሰው ይሁን፤ አምስት ሰው በየፊናው ሲደውል መስመሩ ይያዛል፣ መረጃውም ይጋጫል።

ደዋዩ አራት ነገር ይናገር፤ የታማሚው ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ ቀበሌውንና ጎጡን፣ መኪናው የሚደርስበትን የመጨረሻ ቦታ፣ የራሱን ስልክ ቁጥር። «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ከድልድዩ ወዲህ ወይስ ወዲያ? የመስኖ ቦይ መንገዱን በሚያቋርጥበት አካባቢ በየት በኩል እንደሚታለፍ አለመናገር መኪናውን ወደ ኋላ ያስመልሳል። አንድ ጎልማሳ ወደ አስፋልቱ ወይም ወደ ጥርጊያው መንገድ ወርዶ ይጠብቅ፤ ማታ ከሆነ የእጅ ባትሪ ይያዝ። መኪና በማይደርስበት ጎጥ ቃሬዛዋ ወዲያውኑ ትነሣ፤ አምቡላንሱና ቃሬዛዋ መንገድ ላይ ይገናኙ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ የሌላው ቅጥያ ነው።

እስኪደርስ ድረስ

የሚደማ ቁስልን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፤ ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስን ሰው በጎኑ ማስተኛት፤ ነፍሰ ጡርን በግራ ጎኗ ማስተኛት ይገባል። አንገቱ ወይም አከርካሪው የተጎዳን ሰው፣ ያለበት ቦታ አደገኛ ካልሆነ በቀር፣ አለማንቀሳቀስ ይሻላል። እባብ የነደፈውን እጅና እግር አለማንቀሳቀስ እንጂ መብጣት፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ጉዳት ያስከትላል። የተመረዘን ሰው አታስመልሱት፤ የኬሚካሉን ዕቃ ግን ለሐኪሙ እንዲታይ አብራችሁ ላኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃም ሆነ ምግብ አይሰጥ። ከታማሚው ጋር ሁኔታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል፤ ሰባት ሰው ሲሳፈር ለባለሙያው የሥራ ቦታ አይቀርለትም።

የምልክቱ ክብር

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደበደቡ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ አምቡላንሶችም ለጉዳት ተዳርገዋል። የጄኔቫ ስምምነቶች ቁስለኛውንና የሚያመላልሰውን መኪና ከጥቃት ይጠብቃሉ። ጥበቃው የቆመው ግን በእምነት ላይ ነው፤ አንድ አምቡላንስ ታጣቂ ወይም መሣሪያ ጭኖ ከተገኘ፣ በማግሥቱ ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ የሚያልፈው መኪና ይጠረጠራል። ስለዚህ ማንም ወገን ቢሆን፣ አምቡላንስን ለታማሚ ብቻ መተው ከሕግም በላይ የራስን ወገን ማትረፍ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቅ

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ላቅርብ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የጎጣችሁን ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ንደፉ፤ መኪና በበጋ የት፣ በክረምት የት እንደሚደርስ አመልክቱ። በጎጡ ያሉ ነፍሰ ጡሮችን የመውለጃ ወር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆናችሁ ለማቆያው አስቀድሙ። ማን እንደሚደውል፣ ማን ቃሬዛ እንደሚይዝ፣ ማን ከብቶቹንና ልጆቹን እንደሚጠብቅ እድሩ በስብሰባው ይወስን። ብዙ እናቶች ወደ ማቆያው የማይሄዱት ቤቱን የሚረከብ ሰው ስለሌለ መሆኑን አትርሱ። ይህ ሁሉ ነዳጅ አይጠይቅም፤ በጀትም አያስፈልገውም።