ፕላስተሩን ማን ለጠፈው?

«እሽግ ነው፤ ማንም አልነካውም።» የወላጃቸውን ንብረት ለማስገመት እኔ ጋ የሚመጡ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚነግሩኝ ይህንን ነው። እዚህ አሜሪካ ዕድሜውን ሠርቶ ያለፈ አባት ከባንክ ሒሳቡ ሌላ በየጊዜው ጥቂት ንጹሕ ብር እየገዛ ያስቀምጥ ነበር። ከአርባው በኋላ ልጆች ቁም ሣጥኑን ሲያስተካክሉ ክብ የፕላስቲክ ቱቦ ያገኛሉ፤ ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል። ውስጡ ያለው ብዙውን ጊዜ «ሲልቨር ኢግል» የሚባለው የአሜሪካ የብር ሳንቲም ነው። ላዩ ላይ «አንድ ዶላር» ስለሚል በቱቦው ካሉት ሃያ ሳንቲሞች ሃያ ዶላር ያገኙ የሚመስላቸውም አሉ። ዋጋው ግን በብረቱ ነው።

እኔ የምጠይቀው ፕላስተሩን ማን እንደለጠፈው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም ማምረቻ እነዚህን ሳንቲሞች በአንድ ቱቦ 20፣ በአንድ ትልቅ ሣጥን 25 ቱቦ፣ በድምሩ 500 አድርጎ ያወጣል። ማምረቻው በጠፍር የሚያሽገው ሣጥኑን ነው፤ ቱቦው ክዳን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የምታዩት ፕላስተር የሻጩ፣ የአባታችሁ ወይም ከእርሳቸው በፊት የያዘው ሰው እጅ ሥራ ነው። አባታችሁ ራሳቸው ለጥፈውት ከሆነ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፤ ለገዢ ግን ውስጡ ስላለው ምንም አያረጋግጥም።

ሳይከፈትም ብዙ ማወቅ ይቻላል። አንዱ ሳንቲም አንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ይመዝናል፤ ንጥረቱ ከሺህ 999 ነው። ሃያው 622 ግራም ይሆናል፤ የቱቦው ክብደት በላዩ ይታከላል። ሚዛኑን በግራም አድርጉት። የወጥ ቤት ሚዛን የሚያውቀው 28.35 ግራም የሆነውን ተራውን አውንስ ስለሆነ፣ ሃያው ብቻ ወደ 22 ይጠጋል፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ሳንቲም የተረፈ የመሰለው ቤተሰብ አይቻለሁ። ቁመቱንም ለኩ። የአንዱ ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሃያው ድርድር 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዳብ ከብር ይቀላል፤ ከመዳብ የተሠራ አስመሳይ ትክክለኛውን ክብደት እንዲያመጣ ወፈር ማለት አለበት፤ ከወፈረ ደግሞ ሃያው በቱቦው ልክ አይገባም። ማግኔት ብረት መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ መዳብንም እርሳስንም አይስብም፤ «ማግኔት አልያዘውም» ብሎ መተማመን አይገባም።

መክፈት ግድ የሚሆነው ዓመቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ኢግል መመታት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ነው። አብዛኞቹ ዓመቶች የሚሸጡት በብረታቸው ዋጋ ላይ ጥቂት ተጨምሮ ነው። የ1996ቱ ግን የተመታው 3.6 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ከብረቱ ዋጋ በላይ ይከፍሉበታል። ከላይ የሚታየው ሳንቲም ዓመት ስለ መሃሎቹ አይመሰክርም። ደረሰኙ ካለ፣ ዓመቱ ተራ ከሆነና ክብደቱ ከገጠመ እንዳለ ተዉት እላለሁ። ወራሾች ብዙ ከሆኑ ግን ሁሉም ባሉበት ይከፈት፤ ኋላ «ማን ነው የቀየረው?» የሚል ጥርጣሬ በእህትና በወንድም መካከል ሲገባ ማየት ያሳዝነኛል።

ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ቱቦውን አጋድማችሁ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በዳር በዳራቸው ይዛችሁ አውጡ። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው፤ እርስ በርስ ሲፋተግ ይጫራል። በላዩ ጎንበስ ብላችሁ አታውሩ፣ ምራቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ከአመራረቱ የመጣ ነው፣ ብረቱን አይቀንሰውም። ቢጫና ጥቁር ሽፋን ብር ከድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። አሳሳቢው አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ከመጥፎ ፕላስቲክ የሚወጣ ስለሆነ እየቆየ ብሩን ይበላዋል፣ ባለሙያ ይየው።

አትወልውሉት። አንዲት የበኩር ልጅ የአባቷ ንብረት በወንድሞቿ ፊት አምሮ እንዲታይ ብላ ሁሉንም በጥርስ ሳሙና አሽታ አመጣችልኝ። ከመካከላቸው የ1996ቶች ነበሩ። ብረታቸው እንዳለ ነው፤ ሰብሳቢ የሚከፍልበት ያልተነካ ገጻቸው ግን ሄዷል። ሐሳቧ ፍቅር ስለነበር ያንን ቀን ዋጋውን መንገር ከበደኝ።

አንዳንዴ ከቱቦው አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የሚባለው፣ ይገኛል። ማርትሬዛው ላይ ያለው 1780 የተመታበት ዓመት ነው ብላችሁ አትቁጠሩ፤ በዚያው ዓመት ስም ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌላም ቦታ ኋላ ላይ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺህ 833 ስለሆነ ንጹሕ ብሩ ከኢግሉ ያንሳል። ከኢግል ጋር አትደባልቁት። ገንዘብ ካስፈለገ ኢግሉን ሽጡ፣ ጠገራውን አቆዩ እላለሁ፤ ኢግል ነገም ከሱቅ ይገዛል፣ ከአያት እጅ የመጣ ማርትሬዛ ግን አይተካም።

ከመሸጣችሁ በፊት አባታችሁ ያረፉበትን ቀን የብር ዋጋ ፈልጋችሁ ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጡ። በአሜሪካ የግብር ሕግ ወራሽ ትርፉን የሚያሰላው ሟች ከገዛበት ዋጋ ሳይሆን በዕለተ ሞቱ ከነበረው ነው። በ1990ዎቹ በአውንስ 5 ዶላር ገደማ ለተገዛ ብር ይህ ልዩነት ሰፊ ነው፤ መንግሥት እንዲህ ያለውን ብር እንደ ስብስብ ዕቃ ስለሚያየው የፌዴራል ግብሩ ከትርፉ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ገዢውን «ስንት ትሰጠኛለህ?» ሳይሆን «ከዛሬው የዓለም ዋጋ ስንት በላይ ወይም በታች ትገዛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ሱቅ ደውሉ። ሲመዝን አጠገቡ ቁሙ፤ ሳንቲሙን ያለ ደረሰኝ አሳድሩልኝ ካለ ይዛችሁ ተመለሱ።