ቤተ መጻሕፍትና ማኅበራዊ ትስስር ገጾች፦ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ወደ መደማመጥ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለፉት ዓመታት ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ተገንብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ የተመረቀው የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን አቅፏል። ሻርጃ በዩኔስኮ የ2019 የዓለም የመጽሐፍ መዲና ተብላ መሰየሟን ለማሰብ የታነጸው «የጥበብ ቤት» በ2020 ተከፍቷል። በ2022 በዱባይ ሥራ የጀመረው የመሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቅዱስ ቁርኣን ሲነበብ የሚያርፍበትን የእንጨት ማስቀመጫ በሚመስል ቅርጽ ተሠርቷል።

እነዚህ ሕንጻዎች ዓይንን ይሞላሉ። ይሁንና በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ብቻ ለምታርፍ የቤት ሠራተኛ፣ ወይም ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ቀን ለሚተኛ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በመንገድ ዳር የቆመ ያማረ ሕንጻ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መግባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ክፍያ ይጠየቅ እንደሆነ የነገራቸው የለም። ለምሳሌ የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አባልነት የመኖሪያ መታወቂያ ላለው ነዋሪ ሁሉ በነጻ ነው፤ ነገር ግን ይህን የማያውቅ ሰው በሩ ክፍት ቢሆንም ለእርሱ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ይህ ሰው በየዕለቱ የሚከፍተው ሌላ በር ግን አለው፤ እርሱም በእጁ ያለው ስልክ ነው።

ቤተ መጻሕፍት ወደዚህ ሁለተኛ በር መምጣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ከመጡ በኋላ በሚያደርጉት ላይ ነው። አብዛኞቹ ገጻቸውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አድርገውታል፤ የሥራ ሰዓት ይለጥፋሉ፣ የክብር እንግዶችን ፎቶግራፍ ያወጣሉ፣ ከአንባቢው የመጣውን ጥያቄ ግን ሳይመልሱ ያልፋሉ። ከሕዝቡ ጋር በእርግጥ የተገናኙት የሚናገሩትን ያህል የሚሰሙ ናቸው።

ሕዝቡ ያረመው መዝገብ

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጥር 2008 የጀመረው ሥራ ነው። ተቋሙ ከ3 ሺህ የሚበልጡ አሮጌ ፎቶግራፎችን ፍሊከር በተባለው የፎቶግራፍ መጋሪያ ገጽ ላይ አውጥቶ፣ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን እንዲጽፍ ጋበዘ። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ የጎደለ ወይም የተሳሳተ መግለጫ የነበራቸው ናቸው። በአሥር ወራት ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ አስተያየቶች ቀረቡ። አንዱ የሕንጻውን ስም፣ ሌላው የመንገዱን ቦታ፣ ሦስተኛው የሰውየውን ማንነት አመለከተ።

ትልቁ ቁም ነገር ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። ባለሙያዎቹ የመጣውን ሁሉ እንዳለ አልተቀበሉም። አንድ በአንድ መርምረው የተረጋገጠውን ወደ መዝገባቸው አስገቡ፤ መረጃው ከየት እንደተገኘም አብረው ጻፉ። በዚህ መንገድ ከ500 በላይ መዝገቦች ተሟሉ። ሕዝቡ ተመልካች ብቻ ሳይሆን የሥራው ተካፋይ ሆነ።

የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በነሐሴ 2018 ሌላ መንገድ ሞከረ። ወጣቶች ኢንስታግራም ላይ መዋላቸውን ከመንቀፍ ይልቅ መጽሐፉን እዚያው ይዞላቸው ሄደ። «የአሊስ ጀብዱ በአስደናቂው ዓለም» የተሰኘው ዕውቅ የልጆች መጽሐፍ በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ቀረበ፤ አንባቢው አውራ ጣቱን በስልኩ ላይ ሲያሳርፍ ገጹ ይቆማል፣ ሲያነሳ ይገለጣል። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ አሳቡ ጥልቅ ነው፤ አንባቢው ወዳለበት መሄድ ለመጽሐፉ ክብር ማነስ አይሆንም።

በሚገባው ቋንቋ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኞቹ የቤተ መጻሕፍት ገጾች የሚናገሩት በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የሚቀርብ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ብዙ ሊሠራ ይችላል። ለመመዝገብ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚደረስ፣ የልጆች ክፍል ወዴት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይናገራል። መልእክቱ በዕረፍት ቀን ዋዜማ ምሽት ቢለቀቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ፊደል በሚገባ ያልለየ ሰውም ከጽሑፍ ይልቅ በድምፅ ይረዳል።

የልጆችም ጉዳይ አለ። በስደት የተወለዱ ብዙ ሕጻናት አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉም፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ቤተ መጻሕፍቱ ወላጆችን «በልጅነታችሁ የሰማችሁትን ተረት በድምፅ ላኩልን» ብሎ ቢጋብዝ፣ የተላከውን በየሳምንቱ ከፊደል ጋር አያይዞ ቢያቀርብ፣ ልጁ የእናቱን ድምፅ እየሰማ ፊደል ይቆጥራል። በአማርኛ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚፈልጉ አንባቢዎችን መጠየቅም ለግዢ ክፍሉ መመሪያ ይሆናል፤ ፍላጎቱ ካልተነገረው ተቋሙ መጽሐፉን ሊያስመጣ አይችልምና።

ምንጩ ማን ነው?

በቴሌግራምና በዋትሳፕ ቡድኖች በየዕለቱ «ሐዲስ ነው» እየተባሉ የሚዛመቱ፣ መጽሐፋቸውም ዘጋቢያቸውም የማይታወቅ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። የሐዲስ ሊቃውንት ግን አንድን ንግግር ከመቀበላቸው በፊት የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት፣ ኢስናዱን ይመረምሩ ነበር። ይህ ጥንቃቄ የሙስሊሙ ዓለም ለዕውቀት ያበረከተው ታላቅ ቅርስ ነው። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተመቸ ቤት ነው። አንባቢ የደረሰውን ጽሑፍ ልኮ ሲጠይቅ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ መጽሐፉን፣ ቅጹንና ገጹን አውጥቶ ሊያሳየው ይችላል። ብይኑን ለዑለማዎች ይተዋል፤ ምንጩን ግን ያመለክታል።

በእነዚሁ ቡድኖች ያለ ደራሲው ፈቃድ እየተቀዱ የሚሰራጩ የአማርኛ መጻሕፍትም ሊታሰቡ ይገባል። ዓመታት የደከመው ጸሐፊ አንዲት ሳንቲም አያገኝባቸውም። ሕጋዊውን የውሰት መንገድ ማሳየትና የመብት ዘመናቸው ያለፈባቸውን ሥራዎች ለይቶ በነጻ ማቅረብ የቤተ መጻሕፍት ድርሻ ነው።

በሳጥን ያለው ቅርስ

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሞክሮ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ልዩ ትርጉም አለው። በሐረርና በወሎ፣ በአረብኛና በዐጀሚ፣ ማለትም በአረብኛ ፊደል በተጻፉ የአገር ቋንቋዎች፣ የተዘጋጁ የእጅ ጽሑፎች ዛሬም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ። በ1963 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከእነዚህ የተወሰኑትን ይጠብቃል፤ በሐረር የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየምም እንዲሁ። ነገር ግን ጸሐፊያቸው፣ የተጻፉበት ቦታና የተቀዱበት ዘመን ያልታወቁ ጽሑፎች አሉ። የአንድ ገጽ ምስል ከጥያቄ ጋር ቢወጣ፣ በጅዳ ወይም በዶሃ ያለ የወሎ ተወላጅ የአያቱን መድረሳ የእጅ አጻጻፍ ወይም በኅዳጉ የሰፈረውን ስም ሊለይ ይችላል። ያን የሚያውቁ አረጋውያን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ዛሬ ያልተጠየቀ ነገ የሚመልሰው አይገኝም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጽሑፉ በማን ቤት እንዳለ በአደባባይ መግለጽ ሌባንና የቅርስ ነጋዴን መጋበዝ ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ፈቃድ ይቅደም፣ አድራሻው አይውጣ፣ ሙሉው ቅጂ በተቋሙ መዝገብ ይቀመጥ። በንባብ አዳራሽ የተቀመጡ ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችንና ሕጻናትን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አንስቶ መለጠፍም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ንባብ የሰው ገመና ነው።

ሥራው ባለቤት ይፈልጋል። ለጥያቄ በቀኑ የሚመልስ፣ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ወይም የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ይበቃል። የሥራው መመዘኛም የተከታዮች ብዛት አይሆንም፤ በገጹ ምክንያት ስንት ሰው አባልነት አወጣ፣ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፣ ስንት ጥያቄ ተመለሰ የሚለው ነው። አንባቢውም ድርሻ አለው። በሚኖርበት ከተማ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ገጽ ከፍቶ «በአማርኛ ምን አላችሁ?» ብሎ መጻፍ ይችላል። ጥያቄው ሲበዛ መደርደሪያውም መሙላት ይጀምራል።