ያገለገለ ጠመንጃ ሲሸጥ ማሻሻያው ዋጋ አያወጣም

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው ሬሚንግተን 700 ጠመንጃ ለረጅም ርቀት ተኩስ ተሻሽሎ በሁለተኛ እጅ ይሸጣል። ለበርሜል፣ ለሰደፍና ለቃታ ቅያሪ የወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው አይመለስም፤ በአንዱ ትከሻ ልክ የተሠራ ሰደፍ ለሌላው ላይመች ይችላልና።

ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ጥይት እንደተተኮሰበት ነው። የባሩድ እሳት የበርሜሉን ውስጥ ስለሚበላ፣ ብዙ የተተኮሰበት ጠመንጃ ዒላማ መሳት ይጀምራል። የበርሜል ማስለወጫውም ከዋጋው ይቀነሳል።

ስለዚህ አዋቂ ሻጭ የተኩሱን ብዛት ይመዘግባል፤ የፋብሪካውን ዕቃ አይጥልም፤ ውዱን መነጽር ነጥሎ ይሸጣል። መነጽሩ በአገር ውስጥ በፖስታ ሊላክ ይችላል። ጠመንጃው ግን ለሌላ ግዛት ነዋሪ ሲሸጥ፣ በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ያልፋል። የነጋዴውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ቀድሞ መነጋገር ይበጃል።