የነደፉትን ሠርቶ ስለ ማየት

የዛሬው ንግግራችን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ፈጽመው ማይክሮኤሌክትሮኒክስ የተባለውን ዕውቀት በከፍተኛ ደረጃ ስለሚማሩ ሰዎች ነው። ይህም ዕውቀት ትራንዚስተሮችን እጅግ አሳንሶ፥ ቺፕ በምትባል በአንዲት የሲሊኮን ቅንጣት ላይ ብዙውን አያይዞ የመሥራት ጥበብ ነው።

አናጢነት የሚማር ሰው የሠራው ወንበር ቢወላገድ በዚያው ዕለት ያየዋል። የቺፕ ተማሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። ንድፉን በሲሊኮን ላይ ለማተም ከትቢያ ፈጽሞ የጸዳ ክፍልና ብዙ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋልና፥ ወጪው ከተማሪው ቀርቶ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም በላይ ነው።

ይህን ችግር ካቃለሉት ሰዎች መካከል በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩት ካርቨር ሜድና በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሊን ኮንዌይ ይገኛሉ። ሁለቱ የንድፍን ሕግ ከፋብሪካው ዝርዝር ሥራ ለይተው በጥቂት ደንቦች ጻፉት፤ የመስመሩ ስፋትና በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ላምዳ በተባለ በአንድ መለኪያ እንዲነገር አደረጉ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. መፀው፥ ኮንዌይ ይህን ትምህርት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያስተምሩ፥ የተማሪዎቹን ንድፎች በአንድነት አቀናጅተው በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ አሠሩላቸው። ታላቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፤ ብዙዎች አንዱን የሲሊኮን ሰሌዳ እንደ ዕድርተኛ ሲካፈሉት ወጪውም ይከፋፈላልና። ትምህርቱ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተማሪዎቹ የገዛ ሥራቸውን በእጃቸው ያዙ። መጽሐፋቸው በ1980 ወጣ፤ በ1981 ደግሞ ሞሲስ የተባለው አገልግሎት ይህንኑ ለዩኒቨርሲቲዎች በቋሚነት ይሰጥ ጀመር።

እንግዲህ ልጁን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ባልደረባ ለዚህ ትምህርት ለመላክ የሚያስብ ሰው፥ የዩኒቨርሲቲውን ዝና ከመጠየቁ አስቀድሞ «ተማሪው የነደፈው ቺፕ ሳይመረቅ ተሠርቶ ይደርስለታልን?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ፋብሪካው ንድፉን ተቀብሎ ቺፑን እስኪመልስ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ የማስተርስ ትምህርት ግን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ንድፉን ያዘገየ ተማሪ ቺፑን ሳያይ ዲግሪውን ይቀበላል። በጊዜው የደረሰለትም ቢሆን ገና መለካትና ስሕተቱን መፈለግ ይቀረዋል፤ ደብዳቤ ቢሳሳት ተፍቆ ይታረማል፥ በሲሊኮን ላይ የታተመ መስመር ግን አይፋቅምና፥ አንዲት ሽቦ የዘነጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።