እምቦጭን ለይቶ ማወቅና ከውኃ ዳር ማጥፋት

እምቦጭ አበባው ያምራል። ከትውልድ ቦታው ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ብዙ አገር ያዳረሰውም ሰዎች ለጌጥ ብለው በኩሬያቸው ስላሳደጉት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መግባቱ ታወቀ። በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ የከብት ውኃ መጠጫውን ይዘጋል፣ የአሣ መረብ ይይዛል፣ ውኃው ሲጎድልም የባሕር ሸሽ እርሻውን ይሸፍናል።

አረሙን ለመለየት የቅጠሉን አገዳ መመልከት ይጠቅማል። አገዳው አብጦ ድቡልቡል ይሆናል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ አየር የሞላበት ነው። ተጨናንቆ በበቀለበት ስፍራ ግን አገዳው ስለሚረዝምና ስለሚቀጥን በዚህ መታለል አይገባም። ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ፣ ሥሩ እንደ ላባ የተበተነና ጠቆር ያለ ነው። በሐምራዊው አበባ የላይኛ ክፍል ላይ ቢጫ ነጥብ ይታያል።

እምቦጭ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። እናቲቱ ተክል በውኃው ላይ ሐረግ እየዘረጋች ልጆች ታበቅላለች፤ ሙቀት ባለበትና ማዳበሪያ ታጥቦ በሚገባበት ውኃ አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ዘር ነው። አበባው ሲጠወልግ ዘንጉ ወደ ውኃው ጎንበስ ብሎ ዘሩን ያራግፋል። ዘሩም ከጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ የዘገየ ነቀላ ለልጅ የሚተርፍ ሥራ ነው።

ስለዚህ ነቀላው አረሙ ከማበቡ በፊት መፈጸም አለበት። በማጭድ መቁረጥን አንመክርም፤ ተንሳፍፎ የሚሄደው ቁራጭ ሌላ ቦታ ደርሶ ይበቅላልና። ከነሥሩ ይነቀል፤ የተበተነውም ይለቀም።

ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው ግን ከነቀላ በኋላ ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ ከ90 ኪሎ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ክብደቱ ስለሚያታክት ሰው ከዳር ጥሎት ይሄዳል፤ የሚመጣው ክረምትም መልሶ ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። መከመሪያውን ቦታ ከሥራው በፊት፣ የክረምት ሙላት ከማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ መምረጥ ያስፈልጋል። ደርቆ ይቃጠል። ያላበበው ለብስባሽ ሊውል ይችላል፤ ያበበውን ግን ለመኖም ሆነ ለብስባሽ ወደ ሌላ መንደር ማጓጓዝ ዘሩን ማዳረስ ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ የተለቀቁ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ጠቅመዋል፤ ሆኖም ሥራቸው ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ የሚለቀቁትም በባለሙያ ብቻ ነው። ሰው በሚጠጣውና አሣ በሚጠመድበት ውኃ ላይ የአረም መድኃኒት በራስ ፈቃድ መርጨት ክልክል መሆኑ ይታወቅ።

ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ቡቃያዎች ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ በየሳምንቱ ዳር ዳሩን እየዞሩ መንቀል ይገባል፤ ገና ለጋ ስለሚሆኑ አንድ ሰው በእጁ ሊጨርሳቸው ይችላል።